የመተማ ጉድባዎች

በጀርመን አገር በርሊን የምትባለው ከተማ በ1953 ዓ.ም. ነሐሴ 7 ቀን ለሁለት በተከፈለች ጊዜ፣ ከምድር በታች የሚሄደው ባቡር ግን እንደ ከተማዪቱ በአንድ ሌሊት ሊቈረጥ አልቻለም ነበር። ከምዕራቡ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ ክፍል የሚደርሰው ባቡር በመካከል በምሥራቁ ከተማ ሥር ያልፋል፤ በዚያም መግቢያቸው የተደፈነ፣ መብራታቸው የደበዘዘ ጣቢያዎች ነበሩና፣ ዘበኛው በጨለማው ውስጥ ቆሞ እየተመለከተው ባቡሩ ሳይቆም ያልፍባቸው ነበር። ግንቡ በ1982 ዓ.ም. ጥቅምት 30 ቀን ከተከፈተ በኋላ ጣቢያዎቹ በየተራ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕዝቡ ከአይሮፕላን ቦምብ የሚሸሸግባቸው የምድር ውስጥ ቤቶችም ዛሬ ተማሪውና መንገደኛው በመሪ እየተመራ የሚጐበኛቸው ቦታዎች ሆነዋል።

ይህን ማንሣታችን ስለ በርሊን ለመጻፍ አይደለም፤ ለሁለት የተከፈለ ከተማና ጦርነት በምድሩ ውስጥ ትቶት የሄደ ጉድጓድ በእኛም አገር መኖሩን ለማስታወስ ነው እንጂ። ያውም የእኛው ለመከፈል በርሊንን በስድሳ ዓመት ያህል ይቀድማታል። መተማና ጋላባት በአንድ ትንሽ ወንዝ ግራና ቀኝ የቆሙ መንትያ ከተሞች ናቸው። ወንዙ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ግን አሸዋው ብቻ ይቀርና ፍየል ሳትረጥብ ትሻገረዋለች። በላዩ ያለችውን አጭር ድልድይ በጥቂት ርምጃ የተሻገረ ሰው ከኢትዮጵያ ወጥቶ ሱዳን ገባ ይባላል።

ስለ መተማ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁባት ምድር መሆኗ ነው። በትምህርት ቤት ሳለን ይህን ቃል ከዓመተ ምሕረቱ ጋር አጥንተን ለፈተና ጽፈናል። ጦርነቱ እንዴት እንዳለ፣ ጠላት ከምን ኋላ ሆኖ እንደ ተኰሰ፣ ቦታውስ ዛሬ ምን እንደሚመስል የጠየቀን መምህር አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ምዕራብ ጎንደር ተልከን ነበር። ከጎንደር በአዘዞ፣ ቀጥሎም ጭልጋ ውስጥ ባለችው በአይከል አድርገን ስንወርድ፣ የደጋው ብርድ ከኋላችን ቀርቶ የቈላው ትኵሳት እንደ ምድጃ ወላፈን ተቀበለን። መንገዱ ዳር ሽመልና ግራር፣ ራቅ ብሎም በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የቆመ የዕጣን ዛፍ ይታያል፤ የአገሩ ሰው ዋልያ መቀር ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሁሉ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ነው። ሥራችንን በዞኑ ከተማ በገንዳ ውሃ ከፈጸምን በኋላ አንድ ቀን ተርፎን ስለ ነበረ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የንጉሠ ነገሥቱ ስም ወደ ተሰጣት ወደ መተማ ዮሐንስ ገባን። አንድ የታሪክ መምህር ቦታውን ሊያሳዩን ፈቃደኛ ሆነው ከእኛ ጋር ወጡ።

በመጀመሪያ የደረሰብንን እናውራ። ከከተማው ጥቂት ወጣ እንዳልን ረጅምና ጥልቅ የሆነ ጉድጓድ በሣር ተሸፍኖ አየን። መምህሩ ወደ ኋላ ቀርተው ስለ ነበር፣ ሳንጠይቅ የደርቡሾች ጉድባ ይህ ነው ብለን ባርኔጣችንን አውልቀን በዝምታ ቆምን። በልባችንም ያለፈው ሐዘን ሁሉ ተመላለሰ። መምህሩ ሲደርሱ ራሳችንን ተገልጠን ቆመን ቢያገኙን ምን እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። እንዳይስቁብን ፊታቸውን ወደ ወዲያ አዙረው፣ «ይህማ ለመንገዱ ሥራ ጠጠር የወጣበት ነው» አሉን። ባርኔጣችንን መልሰን አጠለቅን። ከዚያ ወዲህ አንድ ጉድጓድ ባየን ቍጥር አስቀድመን መጠየቅ ለመድን፤ ታሪክ ለሚጽፍ ሰውም መጥፎ ልማድ አይመስለንም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ያህል፣ መተማ ከጦር ሜዳነቷ አስቀድሞ ገበያ ነበረች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ ቈላ፣ ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል በነበረው አገር ነው። በኋላም ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱና የሚመለሱ ተክሩር የሚባሉ እስላሞች በመንገዱ ዳር ሰፍረው መንደር አቀኑ፤ ጥጥና እህል አረሱ፣ ለንግዱም ጠባቂ ሆኑ። በ1854 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ሲደርስ የተክሩሮቹ አለቃ ሼህ ጁማ ይባል ነበር። እነዚህ ሰዎች በሁለት ኃያላን መካከል ስለ ተቀመጡ፣ ለወዲህኛውም ለወዲያኛውም ግብር ይከፍሉ ነበር። የቀረጥ ነገር የሚያውቅ ባለሥልጣን ይህን ሲያነብ ያዝንላቸዋል ብለን እናምናለን። ከደጋው ቡና፣ ማርና ሰም፣ ሊሰወር በማይገባው እውነትም ብዙ ባሪያ ይወርድ ነበር፤ ከወዲያ ጥጥና የውጭ አገር ሸቀጥ ይመጣ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲላክ፣ በ1858 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣለት የጠበቀው በዚሁ በመተማ ነው።

እዚህ ላይ የቀድሞ መጻሕፍትንና ካርታዎችን ለሚመረምሩ ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። በሱዳን በዓባይ ዳር ከሸንዲ ፊት ለፊት መተማ የሚባል ሌላ ከተማ አለ። በ1877 ዓ.ም. ጎርዶንን ሊያድን የሄደው የእንግሊዝ ጦር የደረሰው ወደዚያኛው ነው እንጂ ወደኛዪቱ አይደለም።

የማሕዲ ተከታዮች ሱዳንን በያዙ ጊዜ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ግንቦት 27 ቀን በዐድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ከሂዌት ጋር ውል ተዋዋሉ። በውሉም መሠረት በጠረፉ ተከበው የነበሩትን የግብፅ ወታደሮች፣ የጋላባቶቹንም ጭምር፣ በኢትዮጵያ ምድር አሳልፈው አዳኑ። ለዚህ ውለታ ያገኙት ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ኢጣልያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጥዋን መያዟ ነበር። ከማሕዲስቶቹ ጋር የተገኘው ጠብ ግን ለኢትዮጵያ ቀረ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. በመተማ ዘምተው የደርቡሾቹን አሚር ድል አደረጉ፤ ዓመት ሳይሞላ አቡ አንጃ መጥቶ በ1880 ዓ.ም. ጥር 10 ቀን በሳር ውሃ የጎጃምን ጦር ሰበረ፣ ጎንደርንም ገብቶ ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የሁለታችን ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው፣ እርስ በርሳችን ብንፋጅ ለእርሱ ነው የምንመቸው የሚል አሳብ የያዘ ነበር። መልሱ ስድብ ሆነ። አቡ አንጃ በጥር ወር በመተማ ሞተና ዘኪ ጠማል በቦታው ተተካ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከመቶ ሺህ ይበልጣል የሚባለውን ሠራዊት አስከትለው ወረዱ። እኛ እንደሚመስለን፣ ያ ደብዳቤ ተቀባይ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ሌላ በሆነ ነበር።

ዘኪ ጠማል ሜዳ ላይ ወጥቶ አልጠበቃቸውም። ከተማዪቱን በዘሪባ፣ ማለት በግራር እሾህ ቅጥር፣ አጠረና ከእሾሁ ኋላ ጉድባ ቈፍሮ ሰዉን በውስጡ አስገባ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በቈላ የበቀለን ግራር ያየ ሰው ይረዳዋል። እሾሁ የጣት ርዝመት አለው፤ ቅርንጫፉ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠላልፎ ሲከመር ፈረስም እግረኛም ያቆማል። የቆመውንም ሰው ጉድባ ውስጥ የተኛው ተኳሽ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ይመታዋል። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ቅጥሩን ከቦ ጧት ውጊያ ጀመረ። ብዙ ሰው ከእሾሁ ሥር ከወደቀ በኋላ በአንድ ወገን ጥሶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ድሉም የእኛ መስሎ ነበር። በዚያው ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሰልፉ ውስጥ ሲሰማ፣ ቅጥሩን የጣሰው ጦር ያሸነፈውን ቦታ ትቶ ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስ ልጃቸው ራስ መንገሻ መሆኑን ገልጠው ወራሻቸው አድርገው በማግሥቱ ዐረፉ። ሬሳቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጭፍራ የዘኪ ጠማል ጦር ተከትሎ በጓንግ፣ ሱዳኖች አትባራ በሚሉት ወንዝ አጠገብ ደረሰበት፤ ሽማግሌው ራስ አርኣያ ከሬሳው አልለይም ብለው እዚያው ተዋግተው ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቈርጦ ለከሊፋው ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ድል አደረገ የተባለውም ወገን ከዚያ በኋላ ብዙ አልተደሰተም። የጋላባት ጦር እጅግ ሰው ከማለቁ በላይ የገዳሪፍን እህል በልቶ ጨረሰው፤ በሒጅራ 1306 ዓመት የሆነውን ረኀብ ሱዳኖች የስድስት ዓመት እያሉ እስከ ዛሬ ያስቡታል። በእኛም ዘንድ በዚያው ዘመን ክፉ ቀን ገብቶ ከብቱ በሙሉ አለቀ። ኢጣልያም መንገዱ ክፍት ሆኖ ስላገኘችው ወደ አስመራ ወጣች።

መተማ ለሁለት የተከፈለችው ከዚህ ዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1894 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሌተና ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የፈረሙት ውል፣ ድንበሩ ከኡም ሐጀር ተነሥቶ በጋላባት አልፎ ወደ ዓባይ፣ ባሮ፣ ፒቦርና አኮቦ እንዲሄድ አደረገ። በማግሥቱ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬቱን እየዞረ ምልክት አቆመበት። በዚህ ዓይነት የምሽጉ ኮረብታ በወዲያ፣ ገበያውና የጦር ሜዳው በወዲህ ቀረ። ያችን ደረቅ ወንዝ ከዚያ በፊት ሴቶች እንስራ ይዘው ይወርዱባት ነበር እንጂ ማንም ድንበር ብሎ አያውቃትም።

አሁን ወደ ጉዟችን እንመለስ። መምህሩ ካሳዩን ነገር ሁሉ የዘሪባውን ፍለጋ ያህል ያደከመን የለም። ምንም የለምና። እሾህ ምን ይቀራል? ከፊሉ በእሳት ነደደ፣ የቀረውን ምስጥ በላው። ጉድባውስ? ይህን ያስረዱን መምህሩ ናቸው። የመተማ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በየዓመቱ እንዲህ ሲሰነጠቅና ሲያብጥ ጥግ ጥጉ እየተናደ የተቈፈረውን መልሶ ይሞላዋል። የበርሊን ምሽግ በሲሚንቶ ስለ ተሠራ አፍራሹን አስቸግሮ ቆመ፤ የመተማ ጉድባ በዋልካ ስለ ተቈፈረ አፍራሽ ሳያስፈልገው በመቶ ክረምት ውስጥ ጠፋ። ሠላሳ ክረምት ያላለፈበት አፈርና አንድ መቶ ሠላሳ ክረምት ያለፈበት አፈር አንድ አይደለም፤ በቦታው የቆመ ሰው ግን በእግሩ ሥር የቱ እንዳለ ለይቶ አያውቅም።

ድንጋያማ በሆነው ከፍታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መምህሩ ወደ አንድ ጉብታ ይዘውን ወጡ፤ በዚያ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድባ አለ። ጥጉ በደረቅ ድንጋይ ተክቧል። «ይህስ የማን ነው?» ብለን ጠየቅን፤ አሁን ባርኔጣችንን አላወለቅንም። መምህሩ፣ «እኔ የኢጣልያ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ» ብለው ወደ አንድ አዛውንት ቤት ወሰዱን።

አዛውንቱ ከሰማንያ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አላቸው። ከቤታቸው ደጅ በዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ቡናው እስኪፈላ ስማችንንና አገራችንን ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ስለ ጉድባው ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ያን አባቴ ነው የቈፈረው» አሉን።

አባታቸው የሐማሴን ሰው ነበሩ። ገና ልጅ እግር ሳሉ ኢጣልያ በአስካሪነት ጽፋ ወደዚህ አምጥታቸው፣ በ1932 ዓ.ም. ከሻለቃቸው ጋር መተማ ሰፈሩ። ኢጣልያ ጦርነቱን እንደ ገባች ሰኔ 27 ቀን ከሰላንና ጋላባትን ያዘች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት ድረስ ሥራው ቍፋሮ ብቻ ሆነ። «አባቴ ጠመንጃ ከያዘበት ቀን ዶማ የያዘበት ቀን ይበዛል ይል ነበር» አሉን አዛውንቱ። በመተማ ዙሪያ የእሾህ ሽቦ በብዙ ረድፍ ተዘረጋ፤ ያ ሽቦ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ተጠቅልሎ የአገሬው ከብት በረት ማጠሪያ ሆነ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግራር እሾህ በብረት እሾህ ተተካ፤ አሳቡ ግን ያው የዘኪ ጠማል አሳብ ነው።

ውጊያው የሆነው በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ቀን ነው። አጥቂው በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚታዘዘው ዐሥረኛው የህንድ ብርጌድ ነበር፤ ከእርሱም ጋር ዐሥራ ሁለት ታንክ ተሰጥቶ ነበር። ጎሕ ሲቀድ መድፍና አይሮፕላን የጋላባትን ምሽግ ደበደበ፤ የጋርዋል ሻለቃ ከታንኮቹ ጋር ወጥቶ በጧቱ ምሽጉን ያዘ። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ መተማን መያዝ ነበር አሳቡ። ግን ታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በቋጥኝ ሰንሰለታቸው ተሰብሮ ቆሙ። የኢጣልያ አይሮፕላኖችም መጥተው የእንግሊዞቹን ተዋጊ አይሮፕላኖች ከጣሉ በኋላ ሰማዩን ለብቻቸው ያዙት። በምሽጉ ኮረብታ ላይ ያለው ወታደር እንዳይሸሸግ ምድሩ አለት ሆነበት፤ ዶማ አይገባውም፤ የወደቀው ቦምብ ደግሞ ድንጋዩን እየፈለጠ ሌላ ጥይት ያደርገዋል። ከእንግሊዝ አገር የመጣው የኤሴክስ ሻለቃ ደንግጦ ብዙው ወደ ኋላ ሸሸ። ስሊም ጦሩን ከኮረብታው አወረደና መተማ ሳትያዝ ቀረች።

ይህ ሰው በኋላ በበርማ ጃፓኖችን ድል ያደረገውን ሠራዊት መርቶ ስመ ጥር ሆኗል። የመተማን ነገር ግን አልሸሸገም፤ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሁለት መንገድ ሳለልኝ ድፍረት የሚጠይቀውን ትቼ ፍርሃቴን አማከርሁ የሚል ቃል የሚተረጐም ኑዛዜ አኑሯል። የጦር አለቆች ከድል በኋላ ስለ ሽንፈታቸው እንዲህ ሲጽፉ ብዙ አላየንም፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰውየው በዚህ ይከበራል።

በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ቆሞ ይመለከት ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በአርማጭሆ እነ አሞራው ውብነህ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። በቋራም ፊታውራሪ ወርቁ ነበሩ፤ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ 6 ቀን ከጋላባት በስተ ደቡብ ጠረፉን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ሲያልፍ ረድተውታል። የአዛውንቱ እናት የቋራ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸውም በዚያው በቋራ በረሃ አርበኛ ነበር።

ኢጣልያኖች መተማን የለቀቁት በ1933 ዓ.ም. ጥር 23 ቀን ሌሊት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ከገቡ ዐሥራ አንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ጥለውት የሄዱት ምሽጉን ብቻ አልነበረም፤ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በፈንጂ ሞልተውት ሄዱ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል የህንድ መሐንዲሶች መኰንን በአራት ቀን ውስጥ ዐሥራ አምስት የፈንጂ መስክ እየመረመረ፣ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከፈተ። የሚሄድበት ተሽከርካሪ ፈንድቶበት፣ ጆሮው ቈስሎ፣ ሌላ ሰው ይተካህ ቢባል እምቢ አለ። ለዚህም የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ በዚያ ጦርነት ከህንድ መኰንኖች የመጀመሪያው ሆኖ ተሸለመ። እኛ በመኪና ተቀምጠን ጉድጓዱ አስቸገረን እያልን ስናማርር የወረድንበት መንገድ ይኸው ነው። ጎንደር ራሷ ነጻ የወጣችው ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ቈይታ፣ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር 18 ቀን ነው።

የአዛውንቱ አባት ከሚሸሸው ጦር ጋር አልሄዱም። ዶማቸውን ይዘው በጫካ ቀሩ። በኋላም ወደ ከተማው ተመልሰው እርሻ ጀመሩ፤ ያችን የቋራ ሴት አገቡ። «አጎቴ እኅቱን ሊያይ ሲመጣ ከአባቴ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር» አሉን አዛውንቱ፤ «ስለ ጥቅምቱ ውጊያ ግን ሲያወሩ አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ አጎቴ፣ ‹ጉድባህን አየሁት፤ መልካም አድርገህ ክበኸዋል› ሲለው ሰማሁ። አባቴም፣ ‹ድንጋዩ መልካም ነበር› አለው።»

ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር። እኛ ማስታወሻችንን ስናጥፍ አዛውንቱ በዓይናቸው ተከተሉን። «ልጆቼ» አሉን፤ «ይህን በጋዜጣ ታወጡታላችሁ?»

«በመጽሔት እናወጣዋለን አባታችን፤ ቢፈቅዱልን።»

«አባቴን ምን ትሉታላችሁ? ባንዳ ትሉታላችሁ?»

ወዲያው መልስ አልሰጠንም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ሰዓት በፊት ጠይቆን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሳንዘገይ በመለስንለት ነበር። ባንዳ የሚለው ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ በአፋችን ያለ ነው፤ አገሩን አውቆ፣ ወዶ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሹመት የሸጠ ሰው እንዳለ እናውቃለን፣ ያን ሰው ሌላ ስም ልናወጣለት አንሻም። ነገር ግን በቅኝ ግዛት ተወልዶ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ተጽፎ፣ ባላየው አገር ጉድባ እንዲቈፍር የታዘዘን ልጅ በዚያው ስም ስንጠራው፣ ስሙ ለአንዱ ይከብድበታል፣ ለሌላው ይቀልለታል። መተማና ጋላባትን ይጠብቅ የነበረው ጦር አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በዚያ ከወደቁትም ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው፤ የኢጣልያ ታሪክ በቍጥር ይጠቅሳቸዋል፣ የእኛ ታሪክ ደግሞ በቍጥርም አይጠቅሳቸውም። ስለ ህንዶቹ መቃብርና ኒሻን እንግሊዞች ጽፈዋል፤ ስለ አርበኞቹ እኛ ጽፈናል።

«አስካሪ ነበረ ብለን እንጽፋለን» አልናቸው በመጨረሻ፤ «ጉድባውንም እርሱ ቈፈረው ብለን እንጽፋለን።»

«እንግዲያስ ድንጋዩን መልካም አድርጎ ካበው ብላችሁም ጨምሩ» አሉን።

እነሆ ጨምረናል።

ከተመለስን በኋላ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ በዚያችው ድልድይ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ልጁንና ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ወዲህ ሲሻገር ሰማን። መምህሩን በስልክ ስንጠይቃቸው፣ ከተማው ጠብቦ በየጥላው ሥር ሰው መተኛቱን ነገሩን። በዚሁ ንግግር መካከል፣ ሳንጠይቃቸው፣ አዛውንቱ ደኅና መሆናቸውን አከሉልን።

ያን ዕለት ከአዛውንቱ ቤት ወጥተን ከመሄዳችን በፊት እንደ ገና ወደ ጉብታው ወጣን፤ አዛውንቱም ምርኵዛቸውን ይዘው አብረውን ወጡ። የጉድባውን መልክ በማስታወሻችን ላይ ሣልነው፤ ርዝመቱን በርምጃ ለካን፣ መጠማዘዣዎቹንም ቈጠርን። ሰባት ናቸው። ከጉብታው ግርጌ የሰሊጡ እርሻ ይጀምራል፤ ትራክተሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ እየገፋ መጥቷል። ከመጨረሻው ትልም እስከ ጉድባው ጫፍ ያለውንም ለካነው፤ ዐሥራ አራት ርምጃ ነበር። አዛውንቱ ቆመው ሲመለከቱን ቈይተው ጐንበስ አሉና፣ ከካቡ ላይ ወድቆ የነበረ አንድ ድንጋይ አንሥተው ወደ ቦታው መለሱት።